ሐሩን ሳይመጣ ማንጎው ሥር እኔ ነበርኩ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው። አትሳቁ። ጡረታ ማለት የድሮ ሥራህን ትተህ ተቀምጠህ መዋል ከሆነ እኔም ይኸው ተቀምጬ ነው የምውለው፤ የባጃጅ መሪ ይዤ። አበል የለኝም፣ የሽኝት ጋቢ ያለበሰኝ የለም፣ ለሰፈራችን ልጆች ላበረከትከው ምናምን የሚል ሰርተፍኬትም አልሰጡኝም። ቢሰጡኝ ኖሮ የባጃጇ መስታወት ላይ እለጥፈው ነበር፤ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ይጠቅመኛል።

ይሄን እንድጽፍ ያስነሳኝ ሬዲዮ ነው። ባለፈው ከገበያ አንዲት እናት ጭኜ ስመለስ ሬዲዮው ላይ ሐሩን መጣ። ድምፁን ከስንት ሰው መሀል አውቀዋለሁ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ እየተግደረደረ ነው የሚያወራው። ጋዜጠኛዋ የሰፈር ልጆች እርስ በርስ ሙድ መያያዝን፣ መሸማቀቅን፣ ጉልበት ማሳየትን እንዲተዉ እንዴት አድርጋችሁ አስተማራችሁ ብላ ጠየቀችው። እሱም እኛ በቀርከሃ ጥሩንባ፣ በዙምባራ ነው አለ። እኛ። እኛ ማን ነው? ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ሰይድ የሚል ስም ጠበቅኩ። ማንጎውን ጠራ፣ ቀርከሃውን ጠራ፣ አዴ ጫልቱን ጠራ፣ እኔን ዘለለኝ። ተሳፋሪዋ ደግሞ ከኋላዬ ሆና ይሄን የመሰለ ልጅ የወለደች እናት ምን ታደለች እያለች ትመርቃለች። እኔም እናት አለኝኮ አልኳት። አልሰማችኝም።

ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አሶሳ አጠገብ ሰፋሪ መንደር ነው። ስናገር ወሎ ትሰማለች፣ ስናደድ ደግሞ በርታውም ኦሮሞውም ይሰማል። ትምህርት ከሰባተኛ አላለፍኩም፤ ግን ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ አሥራ አራተኛ ክፍል ነኝ ነው የምለው። የመጀመሪያ ሥራዬ መናኸሪያ ማንጎ መሸጥ ነበር። በማንጎ ወቅት አሶሳ ላይ ማንጎ መሸጥ ለዓሣ ውሃ መሸጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ጓሮው ዛፍ አለው። እኔ ግን ሸጫለሁ። ከዚያ ለወባ አጎበር እደላ ሜጋፎን ይዤ ከቀበሌ ቀበሌ ዞርኩ። ከዚያ የባምባሲ ሚኒባስ ረዳት ሆንኩ። ሾፌሩ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ ቀኑን ሙሉ "እሺ" እና "ዝጋ" ከሚሉት በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰውዬ ነበሩ፤ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ አወራ ነበር። አንድ ሰው የቀረው ባምባሲ ስል ባዶ መኪና ይሞላል። አለቆቼ በሌላ በምንም አይስማሙም፤ ሰይድ አፍ አለው በሚለው ግን ይስማማሉ።

አዴ ጫልቱን ያገኘኋቸው ሚኒባሱ ላይ ነው። አዴ ማለት በወለጋዎቹ አነጋገር እትዬ እንደ ማለት ነው። ያን ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠውን ትንሽ ልጅ በክርኑ ይጎሽመዋል፣ ቆቡን ይቀማዋል፣ ጓደኞቹም ይስቁለታል። እኔ በሩ ላይ እንደተንጠለጠልኩ የጎረምሳውን ድምፅ አስመስዬ "ሒሳብ እማዬ ናት የምትከፍልልኝ" አልኩ። መኪናው በሳቅ ሊገለበጥ። ጎረምሳው ፊቱ ቲማቲም እንደመሰለ ወረደ። አዴ ጫልቱ ሲወርዱ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"ትንሹን አዳንከው ወይስ የሚሸማቀቅ አንድ ሰው ጨመርክልን?" አሉኝ።

ሙገሳ መስሎኝ አመሰግናለሁ አልኩ። ትንሽ አይተውኝ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ማንጎው ሥር ና አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የሰፈሩ እናቶች ማኅበር የልጆቹ መሰዳደብና መናከስ ሲያስመርራቸው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰበ እያጫወተ የሚያስተምር ሰው ፈለጉ፤ ድሮ መዋዕለ ሕፃናት ያገለገሉትን አዴ ጫልቱንም ለመኑ። ክፍያው የሳሙና ነው፣ እሱን እንተወው። ሪፖርት የሚባል ነገርም ነበረ፤ የኔ ድርሻ መፈረም ነው፣ ፊርማዬ ያምራል። ልጆቹ የሁሉም ናቸው፤ የሰፋሪ፣ የበርታ፣ የወለጋ፣ የሽናሻ፣ አባታቸው ህዳሴ ግድቡ ላይ የሚሠራ፣ አባታቸው የት እንደሚሠራ የማይታወቅ።

አዴ ጫልቱ ከልጆቹ ቀድመው ይመጣሉ። የረገፈውን የማንጎ ቅጠል ይጠርጉና ቢጫውንና አረንጓዴውን መርጠው በሻሻቸው ይቋጥራሉ። ልጅ ሲመጣ ሳያይ እጁን ከቶ አንድ ያወጣል፤ ቢጫ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ለኳስም ለገመድም ቡድን የሚከፈለው በዚህ ነው። አለቃ ወጥቶ እሱን ወስጃለሁ፣ እሷን ወስጃለሁ ማለት ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወሰደው ነበርኩ። "መጨረሻ የሚቀር ልጅ አለ፤ ሁልጊዜ ደግሞ ያው ልጅ ነው" አሉኝ።

የሚቀመጡት የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ነው። ኪሳቸው ሁልጊዜ የተቆላ ለውዝ አለ። ልጅ ስሞታ ይዞ ሲመጣ ቶሎ ለውዝ ጉርስ ያደርጋሉ። ምነው ስላቸው አፌ ካልተያዘ አቋርጠዋለሁ አሉ። ማን መታህ ብለው አይጠይቁም፤ "ማን ነበር አጠገባችሁ?" ነው የሚሉት። ከዚያ ቆመው ያዩትን አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ መቺውን መጨረሻ። እንደሳቸው ሐሳብ መቺው አንድ ነው፣ ተመቺውም አንድ ነው፣ ብዙዎቹ የሚስቁት ናቸው፤ ሥራችንም ከሚስቁት ጋር ነው።

እኔም ያመጣሁት ነገር አለ፣ እሱን ሬዲዮው አልነገራችሁም። ጉልበተኛ ልጅ ነገር ከመጀመሩ በፊት የሚያሸማቅቀውን ልጅ አያይም፤ የሚስቅለትን ነው የሚያየው። ዓይኑ እንደዚያ ዞር ስትል ቶሎ ትጠራዋለህ፣ ገመድ ያዝልኝ ትለዋለህ፣ ኳሷን ትወረውርለታለህ፣ ነገሩ ሳይወለድ ይሞታል። አዴ ጫልቱ ይሄን ከየት አመጣኸው አሉኝ። ከየትም አላመጣሁትም፤ እኔም ቀልድ ከመናገሬ በፊት የማየው እዚያው ነው።

ልጆቹ ለኔ ይሞቱ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሰይዶ ሰይዶ እያሉ እግሬ ላይ ይጠመጠማሉ። አዴ ጫልቱም "ኢልማ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። እንዲህ ተመችቶኝ ሳለ ነው ሐሩን የመጣው።

ሐሩን የበርታ ልጅ ነው። ትምህርቱ ከኔ አይበልጥም፤ ግን ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት አይወጣም፣ ሽቶ ይቀባል፣ ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ አርፍዶም አይጣደፍም። እናቶቹ ጠርተውት ማንጎው ሥር ሲመጣ አንድ ጆንያ ቀርከሃ ተሸክሞ ነበር። ዙምባራ የሚሉት የበርታዎች የቀርከሃ ጥሩንባ ነው። ረጅሙ እንደ በሬ ያገሳል፣ አጭሩ እንደ ጫጩት ይጮኻል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንዱ ጥሩንባ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ እንዲወጣ ከተፈለገ ሁሉም ክብ ሠርቶ የየራሱን ድምፅ በተራው ቦታ ማስገባት አለበት። ብቻህን ስትነፋ እናቷ የጠፋችባት ጥጃ ነው የምትመስለው። ቀርከሃው ደግሞ ደረቅ ሆኖ አይነፋም፤ ሐሩን ከአርብ ጀምሮ ባልዲ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ቅዳሜ ውሃ ጠጥቶ ይጠብቃል።

አማርኛውን ብትሰሙት። ሴቱንም ወንዱንም ያደባልቃል፣ ሰይድ መጣች ይላል። አንድም ልጅ አይስቅበትም። እኔ አንዲት ቃል ብስት ሳምንቱን ሙሉ ይዘምሩብኛል፤ እሱ ሲናገር ግን ጆሯቸውን አቁመው ዝም ነው። ቀልድ አያውቅም፣ አይሮጥም፣ አይጮኽም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከኔ ክብ ተነሥቶ ወደሱ ክብ የሚሄደው ልጅ በዛ። አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ኢልማ ኮ ሲሉ አቤት ብዬ ዞርኩ። እሱን ነው የጠሩት።

ለኔም ጥሩንባ ሰጠኝ። የጣቴን ርዝመት ትንሽ የምታልፍ፣ ጢጥ የምትል። ለሰይድ ይቺ ናት የምትገባው? አልኩት።

"እሷ ትንሽ ነው" አለኝ በዚያ አማርኛው፤ "ግን እሱ ከሌለች ዜማው አያልቅም።"

ኪሴ ከተትኳት።

ከልጆቹ አንዱ ቶላ ይባላል። አባቱ ጉባ፣ ህዳሴ ግድቡ ላይ ብረት ሊያስር ሄዶ እሱ ከአክስቱ ጋር ነው የሚኖረው። ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ሐሩን የመሀለኛውን ድምፅ ሰጥቶት ነበር። ክረምት ከበጋ የሚያደርገው አባቱ የላከለትን ሴፍቲ ጫማ ነው፤ የትልቅ ሰው፣ አፍንጫው ብረት። ሲራመድ እግሩ ቀድሞ ይሄድና ጫማው ኋላ ይደርስበታል። ልጆቹ አልፎ አልፎ ይጎነትሉት ስለነበር አዴ ጫልቱ በልብስና በጫማ ስለ ማሾፍ አጭር ጭውውት አዘጋጅ አሉኝ። የማንንም ስም እንዳትጠራ አሉ። አልጠራም አልኩ፣ አልጠራሁምም።

ያቺ ቅዳሜ የኔ ናት ብዬ ተነሣሁ። የሐሩንን ክብ ባዶ ላስቀረው ነው። ሁለት ቢጫ የዘይት ጄሪካን ቀድጄ እግሬን ከተትኩባቸው፣ ከካርቶን የካፒቴን ቆብ ሠራሁ። የሚያሾፈውም እኔ፣ የሚሾፍበትም እኔ። ጄሪካኑን እያንኳኳሁ ወጣሁና "ግድቡ ሞልቷል፣ መርከብ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ፣ ቡ ቡ!" አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ የነበሩት እናቶች ሳይቀሩ ወጥተው በነጠላቸው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። ከሐሩን ክብ አንድ ልጅ አልቀረም፤ ቀርከሃው መሬት ላይ ተበትኖ እሱ ብቻውን ቆሟል። እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

ስም አልጠራሁም። ግን ሁሉም ልጅ ዞሮ ቶላን አየ። ቶላም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ፣ ከሁሉም ረዘም አድርጎ። እሱም ስቋልኮ እያልኩ ስንቴ ተከራክሬበታለሁ። ምክሩ መጨረሻው ላይ ነበር፤ የሚያሾፈው ልጅ ይወድቅና ተጸጽቶ ስለ መከባበር የሚናገርባት ቦታ አለች። ቆንጆ ንግግር ነበር። እዚያ ስደርስ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ይንከባለላሉ፣ የሰማኝ የለም። አዴ ጫልቱን አየኋቸው። ለውዙን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ይዘውታል።

እንግዲህ ሰዎች ጭውውቱ ተበላሸ ይላሉ። አልተበላሸም። ከሚገባው በላይ ስለተዋጣልኝ ነው። በማግስቱ ቦኖ ውሃው ጋ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መስጊዱ ጥግ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ቶላ ባለፈበት ሁሉ "መርከብ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ" ሆነ። ማንጎው ሥር መጥተው የማያውቁ ልጆች ሁሉ ቃሉን ከነዜማው ያውቁታል። ቡ ቡውን በሐሩን ጥሩንባ መንፋት ሲጀምሩ ሐሩን ሁሉንም ሰብስቦ ጆንያውን ቋጠረ።

ቶላ ቅዳሜ ቀረ። ትምህርት ቤትም ቀረ። አክስቱ ለአዴ ጫልቱ ልትናገር ስትመጣ እኔ ገመድ እጠቀልል ነበር፤ ከነሱ ራቅ ብዬ ነው፣ ግን ጆሮ በር የለውም። ልጁ ከቤት አልወጣም ብሏል፣ ጫማውን ጣሪያ ላይ ወርውሮታል አለች። ከዚያ ያላወቅነውን ነገረችን። ጫማውን አባቱ ሲልክ እግርህ ሲሞላው እመጣለሁ ብሎት ነው። ልጁ ጠዋት ሲነሣ ጣቱን ተረከዙ በኩል እየከተተ ስንት እንደቀረ ይለካ ነበር።

በማግስቱ ማንጎ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሐሩን ሳይቀድመኝ ላስታርቅ ነው። ከመንገድ ሆኜ ቆርቆሮው ላይ ሁለቱ ጫማዎች ይታዩኛል፣ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ። በሩ ላይ ተቀምጬ ያለኝን ቀልድ ሁሉ አወጣሁ፤ የጋሽ ተሾመን እሺና ዝጋ፣ የሜጋፎኑን። እኔ ሰው ሳይስቅልኝ ስንት ደቂቃ መናገር እንደምችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ብዙ አይደለም። ተነሥቼ ግንቡን ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ ጫማዎቹን አውርጄ በሩ ሥር አስቀመጥኳቸው።

"ቶላ፣ ጫማህን አውርጄልሃለሁ።"

"መልሳቸው።"

"የት?"

"ጣሪያው ላይ። ስታያቸው ትስቃለህ።"

አልሳቅኩም ነበር። ግን በሩ ዝግ ነው፣ በምን ያየኛል? ተመልሼ ወጣሁና መለስኳቸው። እንዴት እንደነበሩ አስታውሼ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አደረግኩ።

አዴ ጫልቱ እኔንና ሐሩንን ጠሩን። ሐሩን አርፍዶ ደረሰ። አጎቱ ያለበት የዙምባራ ቡድን አንድ ሰው ተጣልቶ ወይ አፍሮ ሲቀርባቸው እንዲህ ያደርጋሉ ብሎ ነገረን። ሽማግሌ አይልኩም፣ አይለምኑትም። ሁሉም ደጁ ይሄዱና ዜማውን ይነፋሉ፤ የሱ ድምፅ በሚገባበት ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ማንም አይተካለትም። ዝም ብለው አልፈው ይቀጥላሉ፣ ዙሩ ሲመለስ እንደገና ዝም። ሰውዬው የራሱን ጉድለት ቤቱ ሆኖ ይሰማል።

እኔ ቅናት አይደለም፣ የሙያ አስተያየት ሰጠሁ። ልጅ በዝምታ አይጠራም አልኩ። ድራማ ላዘጋጅ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ካፒቴን ልሁን አልኩ። አዴ ጫልቱ ለውዝ ጎረሱ። ውጠው ሲጨርሱ "የሳቀ ሁሉ ይሄዳል" አሉ።

"እኔ አልሳቅኩም፣ ያሳቅኩ ነኝ" አልኩ።

"አንተ ከፊት።"

ሐሩን የቶላን ቀርከሃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአክስቱ ሰጣት፣ እንዳይደርቅ። ቅዳሜ ሄድን። ልጆቹ፣ ከአዳራሹ ወጥተው የሳቁት እናቶች፣ እኔ ያቺን ጢጥ ይዤ። በሩ ፊት ክብ ሠርተን ነፋን። የቶላ ቦታ ስትደርስ ሁሉም ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ምን እንደምትመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ደረጃ ስትወርድ አንዷ ስትጎድልብህ እግርህ እንደሚደነግጠው ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ አላስቻለኝም፣ በዚያች ክፍተት አንዲት ቃል ጣል ላደርግ አፌን ስከፍት አዴ ጫልቱ እጅጌዬን ጎተቱኝ። አልወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዝናብ ሄድን፣ አልወጣም። የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ቆሞ ያየናል። የሐሩን ሸሚዝ ረጥቦ ገላው ላይ ሲጣበቅ ደስ አለኝ፤ እሱ ግን ረጅሙን ቡ እያደረገ ዙሩን ይመልሳል።

በሚቀጥለው ስንሄድ ግን ክፍተቷ ላይ ስንደርስ፣ ከቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ኋላ፣ ባ የሚል ድምፅ ገባ። ቀጭን፣ እየተንቀጠቀጠ። ግን ቦታዋ ላይ ነው የገባችው፤ ፈንጠር አላለችም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልጮኸም፣ ሐሩን በዓይኑ ከልክሏቸዋል። ዙሩ ሲመለስ እንደገና ባ። በሩ ያን ቀን አልተከፈተም። በሳምንቱ ግን ቶላ ራሱ ከፍቶ ክቡ ውስጥ ገባ፣ በባዶ እግሩ። ከዚያ በኋላ መርከብ የሚል ቢመጣ እንኳ የሚስቅለት ስላላገኘ ቃሉ በራሱ ሞተ።

እናቶቹ ለሐሩን እልል አሉ። የገዛ እናቴም ከመሀላቸው ነበረች። አዴ ጫልቱ ኪሳቸውን ዳብሰው ለውዝ ጎረሱ።

አሁን እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ቶላ ከቤት ከወጣ በኋላ ጫማውን ከጣሪያ ያወረደው ማን ነው? ቶላ ራሱ ነው የጠየቀኝ፤ ሰይዶ አንተ ረጅም ነህ፣ አውርድልኝ ብሎ። ሐሩን ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ጣሪያ አይወጣም። ይሄንንስ ሬዲዮው ለምን ዘለለው?

አዴ ጫልቱ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ባምባሲ ያለች ልጃቸው ጋ ሊገቡ ወሰኑ። ቦታቸውን ለማን እንደሚያስረክቡ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ እኔ ለራሴ ንግግር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጄሪካኑ ላይ እንዴት እንደምቀመጥ ሞክሬዋለሁ። ጠሩኝና ለሐሩን ነው አሉኝ። ልጆቹ የሚወዱት እኔን ነው አልኳቸው።

"አዎ ኢልማ ኮ፣ አንተን ነው የሚወዱት" አሉ። "አንተ ስትኖር ሁሉም አንተን ያያል። እሱ ሲኖር እርስ በርስ ይተያያሉ።"

"ታዲያ እኔን ቢያዩ ምን ይጎድልባቸዋል?"

ለውዝ ጎረሱ።

በሳምንቱ ለቀቅኩ። ማንም አላባረረኝም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። የአጎቴን ባጃጅ ያዝኩ። ያቺ ጢጥ ኪሴ ውስጥ ቀርታ ነበር፤ መመለስ ይቻል ነበር፣ ግን ዜማቸው ያለኔ ሲጎድል ልሰማ ብዬ ወንበሬ ሥር ከተትኳት። ቅዳሜ ከሰዓት በማንጎው በኩል ሰው ስጭን ሞተሩን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ግን ዜማው መጨረሻው ሳይደርስ አልፋለሁ። አዲስ ጥሩንባ ቀርጸው እንደተኩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ቀርከሃ እንደሆነ አሶሳ ላይ ሞልቷል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ያን ሬዲዮ ከሰማሁ በኋላ፣ መናኸሪያው ጋ ተራዬን ጠብቄ ቆሜአለሁ፣ ለባጃጅ ልጆቹ ስለ ሐሩን ሽቶ እያወራሁ፣ እየሳቁልኝ። ድንገት ከበስተኋላ ያ የበሬ ድምፅ መጣ። ዞር ስል የማንጎው ሥር ልጆች ናቸው፣ ሐሩን ከኋላ፣ ቶላ ከፊት። ቶላ ቁመቱ ጨምሯል፤ ጫማውን አድርጎታል፣ አሁንም ይሰፋዋል፣ ግን እግሩ ብቻውን አይቀድምም። ባጃጇን ከብበው ነፉ። እኔን አላዩኝም፣ ሰላም አላሉኝም። ዜማው ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የባጃጅ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ሰይድ ምን ሠርተህ ነው፣ ዕዳ ሊያስከፍሉህ ነው ወይስ ሊድሩህ እያሉ። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። ስንት ዘመን የምፈልገው ነገር ነው፣ ያን ጊዜ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ዙሩ ሲመለስ ክፍተቷ ላይ የባጃጇን ክላክስ ጢጥ አደረግኩት። ልጆቹ ፈገግም አላሉ። ቶላ ጥሩንባውን ከአፉ ሳያወጣ ራሱን ነቀነቀ። አይደለም ነው የሚለኝ።

አልተኩኝም ማለት ነው። ስንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ዜማቸውን ሳይጨርሱ ነው የሚበተኑት።

ወንበሬን አንሥቼ ከመፍቻውና ከጨርቁ ሥር አወጣኋት። አቧራዋን በሱሪዬ ጠረግኩና ዙሩን ጠበቅኩ። ደርቃ ስለነበር የወጣው ድምፅ ሳል ነው የሚመስለው፣ ያውም ዘግይቼ ነው የገባሁት። ያኔ ነው የሳቁት። ግን ዞረው እኔን አላዩኝም፤ እርስ በርሳቸው ተያይተው ነው የሳቁት። ሐሩን ጠጋ ብሎ ጥሩንባዋን ከእጄ ወስዶ ዓይኑ ጋ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ።

"ደርቃለች" አለ። "ቅዳሜ።"

ጥሩንባዋን እጄ ላይ መለሰልኝና ሄዱ። በዚህ መሀል ተራዬ አልፎ ተሳፋሪዎቼ የኋላዬ ባጃጅ ላይ ወጥተዋል።

ሐሩንን አሁንም አልወደውም። ይሄን ጽሑፍ ካየው ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራሁለት ይቁጠር፤ እሱ ሬዲዮው ላይ የኔን አንዴም አልጠራልኝም። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ለማንም ቃል አልገባሁም። ዛሬ አርብ ነው፤ ጢጧ ባልዲ ውስጥ ናት።